ሴንቻ እንዳይመርራችሁ፦ የጃፓንን የዕለት ተዕለት አረንጓዴ ሻይ በትክክል ለማዘጋጀት ዝርዝር መመሪያ

ሴንቻ ገዝቶ፣ አንዴ ሞክሮ፣ «ይሄማ መድኃኒት ነው» ብሎ ማሸጊያውን ኪችን ካቢኔ ውስጥ የረሳው ሰው ብዙ ነው። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የቅጠሉ አይደለም። ቅጠሉ እንደ ጥቁር ሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገብቶ ስለተንተከተከ ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ጥቁር ሻይ ቢንተከተክም ይችላል፤ ስኳሩም ምሬቱን ይሸፍንለታል። ሴንቻ ግን ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። የፈላ ውሃ ካገኘው ወዲያው ይመርራል፣ ምላስም ይይዛል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንወቅ። ቅጠሉ ውስጥ ቴአኒን የሚባል፣ ለስላሳና መረቅነት ያለው ጣዕም የሚሰጥ ነገር አለ። እሱ ለብ ባለ ውሃም በቀላሉ ይወጣል። ምሬትና ምላስ የመያዝ ባሕርይ የሚያመጡት ካቴኪንና ካፌይን ደግሞ ውሃው በጣም ሲሞቅ ነው በብዛትና በፍጥነት የሚወጡት። ስለዚህ ውሃውን ካበረዳችሁት ጣፋጩ ይቀድማል፣ መራራው ወደ ኋላ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ትእዛዝ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ምክንያቱን ከያዛችሁ አንዱ ደረጃ ቢበላሽ እንኳ ማስተካከያውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ቅጠል ግዙ

«አረንጓዴ ሻይ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይበቃም። የቻይና አረንጓዴ ሻይ በአብዛኛው በጋለ ብረት ላይ የሚታመስ ነው፤ የጃፓኑ ሴንቻ ደግሞ እንደተቀጠፈ በእንፋሎት ይሞቃል፣ ከዚያ እየተጠቀለለ ይደርቃል። ጣዕማቸውም አዘገጃጀታቸውም ይለያያል። ማሸጊያው ላይ «ሴንቻ» የሚለውን ስምና የመጣበትን አገር ፈልጉ። ሺዙኦካ፣ ካጎሺማ፣ ኡጂ ወይም ያሜ የሚል ካያችሁ የታወቁ የጃፓን የሻይ አካባቢዎች ናቸው።

ማቻ ከሚባለው ጋር አታምታቱት። ማቻ ዱቄት ነው፤ ውሃ ውስጥ ተመትቶ ከነዱቄቱ ይጠጣል። ሴንቻ ግን ቅጠሉ ተዘፍዝፎ ውሃው ብቻ ነው የሚጠጣው።

ስትገዙ እነዚህን አስተውሉ፦

* ቅጠሉ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ቀጭንና እንደ መርፌ የተጠቀለለ ይሁን። ወደ ቡናማ ያደላውን ተዉት።
* በሚያሳይ ብልቃጥ ተሞልቶ መደርደሪያ ላይ የቆመውን አትግዙ። ብርሃን ያበላሸዋል።
* ትንሽ ግዙ። 50 ወይም 100 ግራም ይበቃል። አንድ ኪሎ በቅናሽ ማግኘት ትርፍ ይመስላል፤ ግማሹ ግን ሳይጠጣ ያረጃል።
* ሻጩን «ፉካሙሺ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፉካሙሺ ማለት በእንፋሎት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ የቆየ ሴንቻ ነው። ቅጠሉ የተሰባበረና ዱቄት የበዛበት ነው። ቶሎ ስለሚወጣ የመዘፍዘፊያ ጊዜው ያጥራል።

ሻጩ ካላወቀ ቅጠሉን ሳህን ላይ አፍስሱና እዩት። ረጃጅም መርፌዎች ከበዙ የተለመደው ሴንቻ ነው፤ ብናኝ ከበዛው እንደ ፉካሙሺ ያዙት።

ደረጃ 2፦ ከከፈታችሁት በኋላ ጠብቁት

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ በእኛ ቤት ግን በጣም ወሳኝ ነው። ደረቅ የሻይ ቅጠል በአካባቢው ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል። በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ የተቆላ ቡና፣ ዕጣን፣ ሁሉንም። በርበሬ ያለበት ካቢኔ ውስጥ ከርሞ የወጣ ሴንቻ የቱንም ያህል ተጠንቅቃችሁ ብታዘጋጁት ጣዕሙ አይመለስም።

ማሸጊያውን ከከፈታችሁ በኋላ አየሩን አስወጡና አፉን አጥፋችሁ በክሊፕ ያዙት። ከዚያ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ቆርቆሮ ውስጥ አስገቡት። ከምድጃው፣ ከቅመሙና ቡና ከሚፈላበት ቦታ አርቁት። በአንድ ወር ውስጥ ጠጥታችሁ ጨርሱት።

ያልተከፈተ ማሸጊያ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ማስጠንቀቂያ፦ ከፍሪጅ እንዳወጣችሁት አትክፈቱት። የክፍሉ ሙቀት ላይ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ያህል አቆዩት። ቀዝቃዛውን ቅጠል ቶሎ ከከፈታችሁት የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ይጤዛል፤ እርጥበት የነካው ሴንቻ ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽታው ይለወጣል። ከተከፈተ በኋላ ፍሪጅ እያስገቡ ማስወጣትም ያው ጣጣ አለው።

ደረጃ 3፦ ዕቃውን አዘጋጁ

ጃፓኖች ኪዩሱ የሚሉት፣ መያዣው በጎን የሆነና ውስጡ ማጥለያ ያለው ትንሽ የሸክላ በራድ አላቸው። ካገኛችሁት ጥሩ ነው። ካላገኛችሁት ማንኛውም ትንሽ የፖርሴሊን ወይም የብርጭቆ በራድ ይሠራል። እሱም ከሌለ ቅጠሉን በንጹሕ ኩባያ ዘፍዝፋችሁ በደቃቅ ማጥለያ ቅዱት። ዋናው ነገር ሁለት ነው፦ ቅጠሉ ለመዘርጋት ቦታ ይኑረው፤ እናንተ በፈለጋችሁበት ሰዓት ውሃውን ከቅጠሉ መለየት ቻሉ።

ለመጠጫ የቡና ስኒያችን በጣም ይስማማል። ሴንቻ በትንሽ መጠን፣ ጠንከር ብሎ ነው የሚጠጣው፤ ስኒ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የእናንተ ስኒ ስንት እንደሚይዝ አንዴ በመለኪያ አረጋግጡ። ከዚያ በኋላ ስኒው ራሱ መለኪያችሁ ይሆናል።

እነዚህን ግን አትጠቀሙ፦

* ጀበና። ሸክላው የቡናውን ቅባትና ሽታ ይዟል፤ ሻዩን ያበላሸዋል።
* ውስጡ ያልተለበጠ የብረት ዕቃ። ብረቱ ከሻዩ ጋር ሲገናኝ ውሃውን ያጠቁረዋል፣ ጣዕሙንም ይለውጠዋል።
* የሳሙና ሽታ ያለው በራድ። የሴንቻ በራድ በሙቅ ውሃ ብቻ ይታጠብ።

ከዚህ በኋላ «ማንቆርቆሪያ» ስል ውሃ የምታፈሉበትን፣ «በራድ» ስል ቅጠሉን የምትዘፈዝፉበትን ዕቃ ማለቴ ነው።

ደረጃ 4፦ ውሃውን ምረጡ

ሴንቻ ማዕድን ያልበዛበትን ውሃ ነው የሚፈልገው። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ጣዕሙን ያፍነዋል፤ ሻዩ ደብዛዛ ይሆናል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቶሎ ቶሎ የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ከባድ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የታሸገ ውሃ ተጠቀሙ፤ ከታሸጉትም ማሸጊያው ላይ የማዕድን መጠኑ አነስ ያለውን ምረጡ። ጋዝ ያለው ውሃ አይሆንም።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ክሎሪን የሚሸት ከሆነ ከፈላ በኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምራችሁ አፍሉት። ሮቶ ውስጥ ብዙ ቀን የቆመ ውሃ የፕላስቲክ ሽታ ካለው ለዚህ ሻይ አትጠቀሙበት። ሴንቻ ቀረፋም ቅርንፉድም የለው፤ የውሃውን ጉድለት የሚሸፍንለት ነገር የለም።

ውሃውን ሁልጊዜ መጀመሪያ አፍሉት፣ ከዚያ አብርዱት። 70 ዲግሪ ስለሚበቃ ብላችሁ ሳይፈላ አታውጡት።

ደረጃ 5፦ ለክታችሁ ጨምሩ

ለሁለት ሰው፦

* ቅጠል፦ 4 ግራም። ሚዛን ከሌላችሁ ሁለት የሻይ ማንኪያ።
* ውሃ፦ 160 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሁለት ስኒ።
* ሙቀት፦ 70 ዲግሪ።
* ጊዜ፦ ከ1 ደቂቃ እስከ 1 ደቂቃ ተኩል። ለፉካሙሺ ከ30 እስከ 45 ሴኮንድ።

ለአንድ ሰው ስታዘጋጁ ቅጠሉን በትክክል በግማሽ አትቀንሱት። 3 ግራም አድርጉት። ቅጠሉ በጣም ካነሰ ጣዕሙ አይሰበሰብም። ፉካሙሺ ደቃቅ ስለሆነ በአንድ ማንኪያ ብዙ ይይዛል፤ ማንኪያውን ለጥ አድርጋችሁ ስፈሩ።

በመጀመሪያው ሙከራ ልኩን አትለዋውጡ። አንዴ እንዲህ አድርጋችሁ ቅመሱት፤ ማስተካከሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ውሃውን አብርዱት

ሴንቻ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቀስ በሉ።

ቴርሞሜትር ወይም ሙቀት የሚመረጥበት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ካላችሁ 70 ላይ አድርጉትና ወደ ደረጃ 7 እለፉ። ከሌላችሁ ጃፓኖች በየቤታቸው የሚያደርጉትን አድርጉ፦ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ ገልብጡ። ሙቅ ውሃ ቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ በተገለበጠ ቁጥር ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል።

እዚህ ላይ የምትኖሩበት ከፍታ ለውጥ ያመጣል። አብዛኛው መመሪያ የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የግልበጣው ቁጥር ይለያል።

*አዲስ አበባና ተመሳሳይ ደጋ፦ ሁለት ግልበጣ*

1. የፈላውን ውሃ ከማንቆርቆሪያው ወደ ስኒዎቹ ቅዱ። አሁን ወደ 82 ዲግሪ ነው።
2. ግማሽ ደቂቃ ጠብቁና ከስኒዎቹ ቅጠሉ ወዳለበት በራድ ገልብጡ። በራዱ ሲነካው ወደ 70 ይጠጋል።

*ዱባይ፣ ጅዳ፣ ቴል አቪቭ፣ ዋሽንግተንና ሌላ ለባሕር ጠለል የቀረበ ከተማ፦ ሦስት ግልበጣ*

1. ከማንቆርቆሪያው ወደ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ወይም ኩባያ። ወደ 90 ይወርዳል።
2. ከዚያ ወደ ስኒዎቹ። ወደ 80።
3. ከስኒዎቹ ወደ በራዱ። ወደ 70።

በስኒዎቹ በኩል ማለፉ ሦስት ሥራ በአንዴ ይሠራል፦ ውሃውን ያበርዳል፣ መጠኑን ይለካል፣ ስኒውንም ያሞቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ልክ የሚሠራው በራዱ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። በራዱን አስቀድማችሁ በፈላ ውሃ ካሞቃችሁት የመጨረሻው ግልበጣ ብዙም አያበርደውም። እንዲህ ካደረጋችሁ ስኒው ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምራችሁ ጠብቁ።

ሌላ አቋራጭም አለ። አዲስ አበባ ላይ ሰባት እጅ የፈላ ውሃ ከሦስት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ብትቀላቅሉ 70 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። በባሕር ጠለል ደግሞ አምስት እጅ ለሦስት እጅ ይሁን። ቀዝቃዛው ቀድሞ ፈልቶ የበረደ ወይም የታሸገ ንጹሕ ውሃ ይሁን። ሥራ ቦታ ላይ፣ ሁለት ሦስት ዕቃ ደርድሮ መገልበጥ ለማይመች ሰው ይህ ይቀላል። የፔርሙስ ውሃ ግን ምን ያህል እንደበረደ ስለማይታወቅ በዚህ ስሌት አትመኑት።

እንዴት ታውቃላችሁ? እንፋሎቱን እዩ። በጣም ሞቃት ውሃ እንፋሎቱን ቀጥ አድርጎ በኃይል ይለቀዋል። 70 አካባቢ ሲደርስ እንፋሎቱ ይሳሳል፣ ዝግ ብሎ ወደ ጎን ይሄዳል።

ደረጃ 7፦ ዘፍዝፉና ተዉት

1. ቅጠሉ በራዱ ውስጥ ዝርግ ብሎ መተኛቱን እዩ።
2. ውሃውን በቀስታ ጨምሩ። ከፍ አድርጋችሁ አትልቀቁት።
3. ክደኑት።
4. ሰዓት ያዙ። በግምት አትሂዱ፤ ስልካችሁ ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ።
5. አትነካኩት። አታማስሉ፣ በራዱን አትወዝውዙ፣ ቅጠሉን በማንኪያ አትጫኑ።

ማማሰል የለመደ እጅ ሥራ ፈት መሆን ይከብደዋል። ቢሆንም ቅጠሉን ስታናውጡት ይሰባበራል፤ ምሬቱም ብናኙም ወደ ውሃው ይወጣል። ሻዩ ቀጥኖ ከተሰማችሁ ማስተካከያው ጊዜ መጨመር ነው።

ክዳኑን ከፍታችሁ ብታዩ አብዛኛው ቅጠል ተፈትቶ ካገኛችሁት ደርሷል። ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ከጠበቃችሁ ለሁለተኛው ዙር የሚተርፍ ነገር ይቀንሳል።

ደረጃ 8፦ እያፈራረቃችሁ ቅዱ፤ ጠብታ አታስቀሩ

አንዱን ስኒ ሞልታችሁ ወደ ሁለተኛው አትሂዱ። መጀመሪያ የሚወርደው ቀጭን ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚወርደው ወፍራም። በየተራ ሞልታችሁ ከቀዳችሁ አንዱ እንግዳ ውሃ፣ ሌላው ምሬት ይደርሰዋል።

እንዲህ አድርጉ፦ ለመጀመሪያው ስኒ ሲሶ፣ ለሁለተኛው ሲሶ፤ ከዚያ ከሁለተኛው ጀምራችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ሦስት ሰው ከሆነም ያው ነው፦ 1፣ 2፣ 3፤ ቀጥሎ 3፣ 2፣ 1።

አሁን በጣም አስፈላጊው ነገር፦ በራዱን ባዶ አድርጉት። መፍሰሱ ሲያቆም አዘቅዝቃችሁ ያዙት፤ የመጨረሻዎቹ ጠብታዎች አንድ በአንድ እስኪወርዱ ጠብቁ። በቀስታ ሁለት ሦስት ጊዜ ዝቅ ከፍ አድርጉት። እነዚህ ጠብታዎች ከሁሉም ጥልቅ ጣዕም ያላቸው ናቸው። ከዚያም በላይ፣ በራዱ ውስጥ የቀረ ውሃ ቅጠሉን መዘፍዘፉን አያቆምም። ሁለተኛው ስኒ ለምን እንደመረራቸው ግራ የሚገባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ውሃ ያስቀሩ ናቸው።

የደረሳችሁ ሻይ ከጨመራችሁት ውሃ ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ። ደረቁ ቅጠል የተወሰነውን ጠጥቶታል።

ከቀዳችሁ በኋላ የበራዱን ጀርባ በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉ፤ አፉ ላይ የተከመረው ቅጠል ወደ ቦታው ይመለሳል። ክዳኑን በከፊል ክፈቱት። ከተዘጋ በራሱ ሙቀት ይበስላል፣ ይጠወልጋል።

ደረጃ 9፦ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር

ቅጠሉን አትድፉት። እኔ ከሁሉም የምወደው ሁለተኛውን ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ፍካት አለው።

* ሁለተኛ፦ ውሃው ሞቅ ይበል፣ 80 ገደማ። አዲስ አበባ ላይ የፈላውን ኩባያ ውስጥ ቀድታችሁ ወዲያው ወደ በራዱ ገልብጡ። ቅጠሉ ተከፍቷልና ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ይበቃዋል። እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ትልቅ ስሕተት ነው።
* ሦስተኛ፦ የፈላ ውሃ በቀጥታ፣ 30 ሴኮንድ። ቀለል ያለ፣ ከምግብ በኋላ የሚስማማ ሻይ ይወጣል።

በዙሮቹ መካከል ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቆዩ።

ነገሩ ሲበላሽ

*መረረ።* ስኒ ውስጥ የገባውን ምሬት ማውጣት አይቻልም። ግማሽ ስኒ ሙቅ ውሃ ጨምሩበትና ጠጡት። ቅጠሉን ግን አትጣሉ፤ ብዙው ምሬት ከመጀመሪያው ውሃ ጋር ስለወጣ ሁለተኛው ዙር ይለሰልሳል። በሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ የምትቀንሱት ሙቀቱን ነው፤ ቅጠሉንና ሰዓቱን እንዳሉ ተዉ። ያም ካልበቃ ሰዓቱን በ15 ሴኮንድ አሳጥሩ። ሦስቱንም በአንዴ ከቀየራችሁ ጥፋተኛው የቱ እንደነበር አታውቁም።

*ውሃ ውሃ አለ።* ቅጠሉን በግማሽ ማንኪያ ጨምሩ። ስኒያችሁ ካሰባችሁት በላይ ትልቅ አለመሆኑንም አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው። ርካሽ ሴንቻ ከሆነ ደግሞ 70 ዲግሪ ላያወጣው ይችላል። 80፣ ካስፈለገም 90 ዲግሪ ሞክሩ። በረድ ያለ ውሃ የሚያስፈልገው ጥሩው ቅጠል ነው፤ ተራው ሴንቻ ሞቅ ሲል ነው መዓዛው የሚነሳው።

*ቀለሙ ቡናማ ሆነ።* ወይ ቅጠሉ አርጅቷል፣ ወይ ሻዩ ተቀድቶ ብዙ ቆይቷል፣ ወይ ብረት ነክቶታል። ደረቁን ቅጠል አሽቱት። የሣር ድርቆሽ የሚሸት ከሆነ አርጅቷል፤ መፍትሔው ከታች አለ።

*ደፈረሰ።* ፉካሙሺ ከሆነ እንዲያ ነው መሆን ያለበት፤ ብናኙ ነው። ተራ ሴንቻ ደግሞ ወደ ቢጫ የሚያደላ ጥርት ያለ አረንጓዴ ነው። እንደ ጎመን ውሃ ደማቅ አረንጓዴ ካልሆነ ብላችሁ አትጠብቁ።

*ላዩ ላይ ጥቃቅን ነጭ ፀጉር ተንሳፈፈ።* ለጋ ቅጠል ላይ ያለው ጸጉር ነው። ጥሩ ምልክት ነው፤ ጠጡት።

*ማጥለያው ተዘጋ።* አትነፉበት፣ አታናውጡት። በራዱን አቅኑት፣ ቅጠሉ ይመለስ፣ ከዚያ በዝግታ ዘንበል አድርጉ። ለፉካሙሺ ደቃቅ ማጥለያ ስኒው ላይ አስቀምጡ።

*ከረጢት ነው ያለኝ።* አንዱን ከረጢት በ150 ሚሊ ሊትር፣ 80 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ አስገቡ። ስታወጡት አትጭመቁት።

ለሙቀት አገር፦ በቀዝቃዛ ውሃ

የባሕረ ሰላጤው አገር ውስጥ ላላችሁ፣ ወይም ሙቀት መለካቱ ላሰለቻችሁ፣ ይህ ከሁሉም ይቀላል። ቀዝቃዛ ውሃ ምሬቱንም ካፌይኑንም ብዙ አያወጣም፤ ለመሳሳት እንኳ ያስቸግራል።

1. 1 ሊትር የታሸገ ወይም ፈልቶ የበረደ ውሃ አዘጋጁ።
2. ከ10 እስከ 15 ግራም ሴንቻ ጨምሩበት።
3. ከድናችሁ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ።
4. አንዴ በቀስታ አዙራችሁ አጥልሉ። ቅጠሉን ውስጡ አትተዉት።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ውሃው አይፈላም፤ ጀርም የሚገድል ሙቀት የለም። ስለዚህ ውሃውም ጠርሙሱም ንጹሕ መሆን አለባቸው። ፍሪጅ ውስጥ አቆይታችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ጨርሱት።

ያረጀ ሴንቻ ካላችሁ፦ ቆልታችሁ ሆጂቻ አድርጉት

መዓዛው የጠፋ ሴንቻ አይጣልም። ሲቆላ ሆጂቻ ይሆናል፤ ይህም ጃፓን ውስጥ ከምግብ ጋር በየቀኑ የሚጠጣ ቡናማ ሻይ ነው።

1. መጀመሪያ ቅጠሉን በወንፊት ንፉት። ብናኙ ቀድሞ ስለሚያርር ሁሉንም ያመርረዋል።
2. ንጹሕና ደረቅ መጥበሻ አሙቁ። የዘይት ወይም የሽንኩርት ሽታ ካለው ተዉት። ቡና የሚቆላበትም አይሁን።
3. ከአንድ ጭብጥ ያልበለጠ ቅጠል ጨምሩ። እሳቱ ዝቅ ይበል።
4. ሳታቋርጡ በእንጨት ማንኪያ አገላብጡ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ።
5. ቀለሙ ቡናማ ሆኖ መዓዛው ቤቱን ሲሞላ፣ ጭስ ሳይወጣ፣ ወዲያው ሳህን ላይ ዘርግፉት። መጥበሻው ላይ ከተዋችሁት እሳቱ ቢጠፋም መቆላቱን ይቀጥላል።

ጠቆር ካለ አልፏል፤ ጣሉትና በአዲስ ቅጠል ጀምሩ። ፈዘዝ ያለ ከሆነ ግን መልሳችሁ መቁላት ትችላላችሁ።

ሆጂቻ የፈላ ውሃ ይችላል። ለሁለት ሰው ሦስት ማንኪያ ሙሉ፣ የፈላ ውሃ በቀጥታ፣ 30 ሴኮንድ። አዲስ አበባ ላይ 10 ወይም 15 ሴኮንድ ጨምሩበት። ባንቻ የሚባለው የዘገየ ምርት ቅጠልም፣ የተቆላ ሩዝ የገባበት ገንማይቻም በዚሁ መንገድ ይዘጋጃሉ።

ማን ይጠንቀቅ?

ሴንቻ በ100 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው። ከቡና ያንሳል፤ ግን እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ማታ ባይጠጣ ይሻላል። በባዶ ሆድ ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል፤ ቁርስ ቀመስ አድርጉ። ሻይ ከጤፍ፣ ከምስርና ከሌላ የእህል ምግብ የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚቀንስ የደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግብ አንድ ሰዓት አርቆ ይጠጣ። ነፍሰ ጡሮችና ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ጠጥታችሁ ስትጨርሱ

ቅጠሉን በራዱ ውስጥ አታሳድሩት፤ በማግስቱ ይሸታል፣ ሽታውም ሸክላው ውስጥ ይቀራል። ጥሩ ሴንቻ ከሆነ የተዘፈዘፈው ቅጠል ራሱ ይበላል፤ ጃፓን ውስጥ ትንሽ ሶያ ሶስ ጠብ አድርገውበት ከሩዝ ጋር የሚበሉት አሉ። ካልፈለጋችሁት አበባው ሥር ድፉት። በራዱን በሙቅ ውሃ ብቻ አለቅልቁ፣ የማጥለያውን ቀዳዳ በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ አፉን ደፍታችሁ አድርቁት። ሳይደርቅ አትክደኑት።